ቪድዩት ጃምዋል ለምን እንደ አክሻይ ኩማር አልገነነም?

«ቪድዩት ጃምዋል በማርሻል አርት አክሻይ ኩማርን ያስንቃል፤ ታዲያ ለምን እንደሱ ትልቅ ስታር አልሆነም?» ብለህ ስለ ሁለቱ የህንድ ፊልም ተዋናዮች ለጠየቅከው ወንድማችን። ቴኳንዶ ለዓመታት ሠርቻለሁ፣ አሰልጥኛለሁም። የህንድ ፊልም ደግሞ ከቪዲዮ ቤት ዘመን ጀምሮ ነው የማየው። የታየኝን ልንገርህ።

በችሎታው አልከራከርህም። ቪድዩት ካላሪፓያቱ የጀመረው በ3 ዓመቱ ነው፤ በደቡብ ህንድ ኬረላ ግዛት ውስጥ ፓላካድ፣ እናቱ በሚመሩት አሽራም (የሂንዱ መንፈሳዊ ማዕከል)። ካላሪፓያቱ ጥንታዊ የህንድ የፍልሚያ ጥበብ ነው። ዱላ፣ ሰይፍና ጋሻ አለው፤ ከእንስሳት የተቀዱ አቋቋሞችም አሉት። በ2011 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) «ፎርስ» ላይ ጆን አብርሃም አክተር፣ እሱ ወንበዴ ሆኖ መጣ። ፊልምፌር በሚባለው ትልቁ የህንድ ፊልም ሽልማት ላይ የአዲስ ተዋናይ ሽልማት ወሰደ። በ2013 በ«ኮማንዶ» እሱም በተራው አክተር ሆነ።

ስፖርቱን የሠራ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል። ብዙ ፊልም ላይ እግር ሲነሳ ታያለህ፣ ከዚያ ካሜራው ይቆረጣል፣ ቀጥሎ የምታየው ሰውዬው ሲወድቅ ነው። «ኮማንዶ» ላይ ግን እግሩ ተነስቶ እስኪያርፍ ታየዋለህ። ይሄ የዕድሜ ልክ ሥራ ነው፣ በጂም አይመጣም።

ግን ስታር የሚያደርገው ይሄ አይደለም። «የፊልም ሰው ልጅ ስላልሆነ ነው» የሚሉ አሉ። አክሻይም አይደለም እኮ! ባንኮክ ሙዋይ ታይ (የታይላንድ ቦክስ) ተምሮ፣ ምግብ ቤት ተቀጥሮ ሠርቶ፣ ሙምባይ ማርሻል አርት ሲያስተምር የነበረ ሰው ነው። በ1992 «ኪላዲ» የተባለው ፊልም ስሙን አስጠራው። ከዚያ በ2000 በ«ሄራ ፌሪ» ሕዝቡን በሳቅ ገደለው። ህንድ ውስጥ ሲኒማ የሚገባው ሰው ከነቤተሰቡ ነው። እናት ትስቃለች፣ ልጅ ዘፈኑን ይዞ ይወጣል። ፍልሚያ ብቻ ይዘህ ከሄድክ የምታገኘው እኔንና አንተን ነው።

ቪድዩት በትወና ልቤን የነካኝ በ2020 «ኩዳ ሃፊዝ» ላይ ነው። ተራ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ሚስቱ በኤጀንት በኩል ለሥራ ወደ አንድ የባሕረ ሰላጤ አገር ሄዳ ትጠፋበታለች፤ ሊፈልጋት ይሄዳል። የአረብ አገር ጉዞን ለምናውቅ ለእኛ ታሪኩ ሩቅ አይደለም። እዚያ ላይ እንደ ሻምፒዮን አይደለም የሚደባደበው፤ ይፈራል፣ ይሳሳታል፣ ዱላም ይቀምሳል። ችሎታውን ሲደብቅ ተዋናይ ሆነ።

ከዚያ ግን ወደ ዝላዩ ተመለሰ። በ2024 ራሱ ፕሮዲዩስ ያደረገው «ክራክ» ብዙ ገንዘብ በላበት።

በደቡብ ህንድ በታሚል ቋንቋ ፊልም የሚሠራው ዳይሬክተር ሙሩጋዶስ ቪድዩትን የተጠቀመበት መንገድ ነው ለእኔ የሚመቸኝ። በ2012 «ቱፓኪ» ላይ ወንበዴ አድርጎት ነበር፣ በ2025 «ማድራሲ» ላይም መልሶ ወንበዴ አደረገው። አክተር እንደማይሞት ሁላችንም እናውቃለን። ቪድዩት ከፊቱ ሲቆም ግን ቢያንስ «ይሄኛው ሳይገድለው አይቀርም» ብለህ ትሰጋለህ።