ያገለገለ መኪና በባንክ ብድር ስለ መግዛት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

በባንክ የብድር ክፍል ውስጥ ለዓመታት የመኪና ብድር ማመልከቻ ስመረምር ከመቆየቴ የተነሳ፣ በርካታ ሰዎች መኪናውን በጥንቃቄ መርጠው ወረቀቱን ግን በጥድፊያ እንደሚያልፉት ታዝቤአለሁ። የወለድ መጠንና የመኪና ዕድሜ ገደብ ከባንክ ባንክ ስለሚለያይ እሱን ከምትበደሩበት ቅርንጫፍ ጠይቁ፤ እኔ የማስረዳው አሠራሩን ነው።

ጥያቄ፦ ከሻጩ ጋር በ2 ሚሊዮን ብር ተስማምተናል። የባንኩ ኢንጂነር ግን መኪናው የሚያወጣው 1.5 ሚሊዮን ነው አለ። ተሳስቶ ነው?

መልስ፦ ላይሳሳት ይችላል። የባንክ ግምት ነገ ተበዳሪው መክፈል ቢያቅተው መኪናው በጨረታ ምን ያህል ሊያወጣ እንደሚችል የሚያሰላ ስለሆነ፣ ከገበያው ዋጋ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው። ለእርስዎ ዋናው ጉዳይ ብድሩ የሚሰላው ከተስማማችሁበት ዋጋ ሳይሆን ከዚህ ግምት ላይ መሆኑ ነው። ባንኩ የግምቱን 60 በመቶ የሚያበድር ቢሆን የሚያገኙት 900 ሺህ ብር ነው፤ ስለዚህ ከኪስዎ የሚያስፈልገው 800 ሺህ ሳይሆን 1.1 ሚሊዮን ይሆናል። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ግምቱን ያስወጡ የምለው ለዚህ ነው። ደላላው «ሌላ ገዢ መጥቷል» ብሎ ቢያጣድፍዎትም እንኳ፣ ብድሩ ካልተፈቀደ ቀብዱ እንደሚመለስ በጽሑፍ ሳይሰፍር አንድ ብር አይስጡ።

ጥያቄ፦ ሻጩ «ገንዘቤን ሳልቀበል ስም አላዞርም» ይላል። ባንኩ ደግሞ «ስም ዞሮ መያዣው ሳይመዘገብ ገንዘብ አለቅም» ይላል። መሀል ላይ ቀረሁ።

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ በብዛት የሚመላለሰውም ይኸው ነው። የተለመደው መፍትሔ ባንኩ ብድሩን ካጸደቀ በኋላ፣ የመኪናው ስም ወደ ገዢው ዞሮ መያዣው ሲመዘገብ ይህን ያህል ገንዘብ ለሻጩ በቀጥታ እንደሚከፍል የሚገልጽ ደብዳቤ ለሻጩ መስጠቱ ነው። ከእርስዎ የሚጠበቀው የቅድሚያ ክፍያ ደግሞ በሻጩ ስም በሲፒኦ (ባንክ ክፍያውን በሚያረጋግጥበት የክፍያ ማዘዣ) ተሠርቶ ውሉ በሚፈረምበት ዕለት ይቀርባል። ከዚያ ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ይፈረማል፣ በመንገድ ትራንስፖርት ስሙ ይዞራል፣ ባንኩ በሚጽፈው ደብዳቤም መኪናው በፋይሉ ላይ በመያዣነት ይመዘገባል፤ ሊብሬው ባንኩ ዘንድ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ በሁለት ቀን የሚያልቅ ባለመሆኑ ለሻጩ ከመጀመሪያው በግልጽ ይንገሩት። ደብዳቤውን አይቶም የማይስማማ ሻጭ ካጋጠመዎት ከእሱ ጋር ከመጨቃጨቅ ሌላ መኪና መፈለጉ ይቀላል። በተረፈ የሽያጩን ዋጋ በውሉ ላይ አሳንሶ የማስጻፍ ልማድ ብድር ላለበት ሰው ሁለት ጊዜ ይጎዳል፦ አንዳንድ ባንኮች ከግምቱና ከውሉ ዋጋ አነስተኛውን ስለሚይዙ ብድርዎ ይቀንሳል፤ ውሉ ቢፈርስም የከፈሉትን ሙሉ ገንዘብ ማስመለስ ይቸግርዎታል።

ጥያቄ፦ መኪናውን የሚሸጥልኝ ሰው ሊብሬው በስሙ አይደለም፤ በውክልና ነው የያዘው። ባንክ ይቀበለዋል?

መልስ፦ ውክልናው መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድና ያልተሻረ ከሆነ ሊቀበለው ይችላል። አደጋው ሌላ ቦታ ነው። ውክልና ሰጪው ሲሞት ውክልናው ይቋረጣል፤ በሕይወት እያለም በማንኛውም ጊዜ ሊሽረው ይችላል። ከሰው ወደ ሰው በውክልና ሲተላለፍ የከረመ መኪና ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ባለቤት ዛሬ የት እንዳለ የሚያውቅ አይገኝም። በግሌ እንዲህ ያለውን መኪና የምመክረው ባለሊብሬው ራሱ ቀርቦ የሚፈርም ከሆነ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ዋጋው በጣም ረክሶ ያገኘሁት መኪና ከቀረጥ ነፃ የገባ ነው ተባልኩ።

መልስ፦ ከቀረጥ ነፃ መብት የተሰጠው ለሰውየው እንጂ ለመኪናው አይደለም። መብቱ ለሌለው ሰው ለማስተላለፍ ቀረጡና ታክሱ መከፈል ስላለበት፣ ርካሽ የመሰለው ዋጋ ይህ ሲደመርበት ከገበያው ሊበልጥ ይችላል። ከጉምሩክ ቀረጡ መከፈሉን የሚያሳይ ማስረጃ ካልቀረበ ስም ስለማይዞር ባንኩም ብድሩን አይሰጥዎትም።

ጥያቄ፦ አንዱ አበዳሪ 18 በመቶ፣ ሌላውም 18 በመቶ አሉኝ። ወርሃዊ ክፍያቸው ግን ይለያያል። እንዴት ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ አንደኛው ወለዱን የሚያሰላው ከቀሪው ዕዳ ላይ፣ ሁለተኛው ደግሞ እስከ መጨረሻው ድረስ ከመነሻው ብድር ላይ ስለሆነ ነው። 1 ሚሊዮን ብር ለ3 ዓመት ቢበደሩ፣ በቀሪ ዕዳ ስሌት በየወሩ ወደ 36,150 ብር ይከፍላሉ፤ ጠቅላላ ወለዱም 301 ሺህ ብር ገደማ ነው። በመነሻ ብድር ስሌት ግን ወለዱ 540 ሺህ፣ ወርሃዊ ክፍያው ወደ 42,780 ብር ይሆናል። ስለዚህ «ወለዱ ስንት ነው?» ብቻ ብለው አይመለሱ፤ የክፍያ ሰንጠረዡን ታትሞ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። ወርሃዊው እንዲቀንስልኝ ብለው ዘመኑን ወደ 5 ዓመት ቢያራዝሙት፣ በመጀመሪያው ስሌት እንኳ ክፍያው ወደ 25,400 ብር ሲወርድ ጠቅላላ ወለዱ ወደ 523 ሺህ ብር ያድጋል። መኪናው ደግሞ በነዚያ 5 ዓመታት ያረጃል።

ጥያቄ፦ ሰነዴ ተሟልቷል፤ ቅርንጫፉ ግን ወር በወር «ጠብቅ» ይለኛል። ጉቦ እየጠየቁኝ ይሆን?

መልስ፦ የግድ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በባንኮች የብድር ዕድገት ላይ በመጀመሪያ 14 በመቶ የሆነ ጣሪያ ጥሎ ነበር፤ በኋላ ከፍ አድርጎታል። እንዲህ ባለ ጊዜ ወደ ጣሪያው የተጠጋ ባንክ የግል መኪና ብድርን ለመጨረሻ ተራ ያስቀምጠዋል።

ጥያቄ፦ የእህቴ ባል መኪና ሊገዛ ነውና ዋስ ሁንልኝ አለኝ። እምቢ ማለት ከበደኝ።

መልስ፦ ቤተሰብ መሆኑን እረዳለሁ፤ ቢሆንም ከመፈረምዎ በፊት ሁለት ነገር ያንብቡ። የመጀመሪያው የዋስትናው ከፍተኛ መጠን ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ይህ መጠን ያልተጠቀሰበት የዋስትና ውል አይጸናም። ሁለተኛው «በአንድነትና በነጠላ» የሚለው ሐረግ ነው። ይህ ከተጻፈ ባንኩ ባለዕዳውን ሳይከስ በቀጥታ ወደ እርስዎ ሊመጣ ይችላል። ባለትዳር ከሆኑ ደግሞ የትዳር ጓደኛዎ ስምምነት ያስፈልጋል፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለዋስትናም ለመበደርም ይህንኑ ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ ኢንሹራንሱን ለመቆጠብ የመኪናውን ዋጋ ዝቅ አድርጌ ላስይዝ?

መልስ፦ አይመከርም። 2 ሚሊዮን የሚያወጣውን መኪና በ1 ሚሊዮን ካስያዙ፣ 100 ሺህ ብር የሚጠይቅ ጥገና ሲያጋጥም ኢንሹራንሱ የሚሸፍነው ግማሹን ያህል ብቻ ነው። ባንኩ ደግሞ ሙሉ ሽፋን እንዲገዙና እሱ ቀዳሚ የካሳ ተቀባይ እንዲሆን ያስገድዳል፤ ሦስተኛ ወገን ብቻውን አይበቃውም።

ጥያቄ፦ ወለድ መክፈል ስለማልፈልግ ሌላ መንገድ አለ?

መልስ፦ አለ። ከወለድ ነፃ በሆነው አገልግሎት፣ በተለይ ሙራባሃ በሚባለው ውል፣ ባንኩ መኪናውን ራሱ ገዝቶ የታወቀ ትርፍ ጨምሮ በክፍያ ይሸጥልዎታል። እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ያሉ ባንኮች በዚህ ብቻ የሚሠሩ ሲሆን፣ መደበኛ ባንኮችም የተለየ መስኮት አላቸው። ባንኩ ከሻጩ ከመግዛቱ በፊት ግን እርስዎ በራስዎ ስም ውል አይፈራረሙ።

ጥያቄ፦ ሥራ ለቅቄ ሁለት ወር ሳልከፍል ቀረሁ። መኪናውን ለመውሰድ ፍርድ ቤት መሄድ የለባቸውም?

መልስ፦ የለባቸውም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በውሉ የያዘውን ንብረት ራሱ በጨረታ ሊሸጥ ይችላል። ከዕዳው የተረፈ ካለ ለእርስዎ ይመለሳል፤ ከጎደለ ግን ቀሪውን ይጠየቃሉ። ማስጠንቀቂያው እስኪደርስዎት ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ማመልከቻ ይዘው ወደ ቅርንጫፉ ይሂዱና የክፍያ ጊዜው እንዲራዘምልዎት ይጠይቁ። ይህ ካልተሳካ ደግሞ ባንኩን አስፈቅደው ራስዎ ገዢ ይፈልጉ፤ ገዢው ዕዳውን ለባንኩ ከፍሎ በመኪናው ላይ የተመዘገበው መያዣ ሲነሳ ከጨረታው የተሻለ ዋጋ የማግኘት ዕድል አለዎት።