አውራ ጣቱ ቀርታ ነበር

ሰሞኑን አንዲት ገና ማስተማር የጀመረች ልጅ «ተማሪዬ ከሀ እስከ ፐ ሳያቋርጥ ይለዋል፤ ከመሀል አንዱን ነጥዬ ስጠይቀው ግን ዝም ይላል። ምን ላድርግ?» አለችኝ። ወዲያው መለስኩላት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የረሳሁት የመሰለኝ ልጅ ትዝ አለኝ።

ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ነው። ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ባለ ሥዕሉን የፊደል መጽሐፍ ጭኑ ላይ ዘርግቶ ሲያንበለብለው ጉድ ያሰኛል! እንግዳ በመጣ ቁጥር እሱን ነበር የማስነሳው፤ እውነቱን ለመናገር የምኮራው በራሴ ነበር። አንድ ቀን ሁለት ቅጠል ተጣብቆ ተገለጠበት። ፊት ለፊቱ ያለው ቸ ነው፣ እሱ «ተ ቱ ቲ ታ» ይላል። ዓይኑ ጣሪያው ላይ ነው። ደሜ ፈላ። ወደ በ ገጽ መለስኩና ሌሎቹን በመዳፌ ሸፍኜ ቤን ብቻ አሳየሁት። «ይቺስ?» ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ጣቶቹን ማጠፍ ጀመረ፤ በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ… አራቱን አጥፎ አውራ ጣቱ ብቻ ቀርታ ነበር። እኔ ግን አልጠበቅኩም። «ለካ አታውቅም!» አልኩት፣ ክፍሉ ሙሉ ልጅ እየሰማ። ሳቁበት። ዓመቱ እስኪያልቅ ድምፅ አውጥቶ አላነበበልኝም።

ሊደርስባት እኮ አንድ ጣት ነው የቀረው።

ስለዚህ ሽምደዳን አልጠላም፤ ያ ዜማ ባይኖረው በምን ይቆጥር ነበር? የምጠላው እዚያው መቅረቱን ነው። ሥዕሉም ያዘናጋል። ላም ተሥሎ «ላ» ከተጻፈበት ግማሹ ልጅ ፊደሏን ራሷን «ላም» ይላታል፤ አንዱማ «ጥጃ» ብሎኛል። ሥዕሉን በእጃችሁ ሸፍኑት። 231ዱን ፊደል በቃል ከማስያዝ የቡ፣ የሉ፣ የሙ ወገብ ላይ ያለችውን ጭረት፣ የቤና የሌ እግር ላይ ያለችውን ቀለበት አሳዩዋቸው። ሩና ፉ ያምፃሉ፣ ይሁን። ሀና ሃ በድምፅ አንድ ናቸው ብላችሁ እለፉ፣ አትጨቃጨቁ። ትልቁ ፈተና ሳድስ፣ ስድስተኛዋ ቅርጽ፣ ናት፦ «ቤት» ላይ ት ያለ አናባቢ ታልፋለች፣ «ትምህርት» ላይ ግን መጀመሪያዋ ት አጭር አናባቢ ይዛ ትሰማለች። ይሄን በጆሮ እንጂ በማብራሪያ የያዘ ልጅ አላየሁም።

እናንተ የዛሬዎቹ ደግሞ ስልክ ከፍታችሁ ልጁን ፊቱ አስቀምጣችሁ ትሄዳላችሁ። ስልክ አይጠብቅም፣ ቀጣዩን ይዘፍናል። የልጅ ልጄ ሸን ከሰ የለየችው ከስልክ መሆኑን ግን አልክድም፣ ምን ላድርግ።

ለዚያች ልጅ ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ። ጠይቀሽው ዝም ሲል በልብሽ እስከ አስር ቁጠሪ። እኔ አሁንም አንዳንዴ ሰባት ላይ አፌ ያመልጠኛል።