ቴርሞስታቶቹን መልሰህ ግጠማቸው

በርሚንግሃም የሚኖር አንባቢ የጻፈልኝ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ዘንድሮ የልጅነት ሕልሜን ገዛሁ። የእ.ኤ.አ. 1988 ጃጓር ኤክስጄ-ኤስ፣ ባለ 12 ሲሊንደር። ሞተርዌይ ላይ ደህና ናት፤ መንገድ ሲዘጋጋ ግን የሙቀት መርፌዋ ሽቅብ ትወጣለች። አንድ የማውቀው መካኒክ ሁለቱንም ቴርሞስታት አውጥቶ ጣለልኝ። አሁን ጠዋት ጠዋት ቶሎ አትሞቅም፣ ማሞቂያዋም ቀዝቃዛ አየር ነው የሚሰጠኝ። ይባስ ብላ ሞተርዌይ ላይም መጋል ጀመረች። ራዲያተር ልለውጥላት?»

ወንድሜ፣ ራዲያተር ገና አትግዛ። መጀመሪያ ቴርሞስታቶቹን፣ የውሃውን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍቱትንና የሚዘጉትን በሮች፣ መልስ።

ያወጣልህ ሰው ክፉ አስቦ አይደለም። እኔም አዲስ አበባ ጋራዥ ገብቼ መፍቻ ማቀበል ስጀምር የተማርኩት የመጀመሪያው መድኃኒት እሱ ነበር። መኪና ሞቀ? ቴርሞስታቱን አውጣ! ብዙ መኪና ላይ ለጊዜውም ቢሆን ይሠራል። ትክክለኛው ዕቃ ሶማሌ ተራ እስኪገኝ ድረስ ባለታክሲው ከሥራ አይቀርም። የጃጓር ቪ12 (እንደ ያንተዋ ያለው ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር) ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል።

ለምን መሰለህ? ሞተሩ ገና ሲነሳ ቴርሞስታቱ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን በር ዘግቶ ይቆያል። ውሃው ባይፓስ በሚባል አጭር መንገድ ወደ ውሃ ፖምፓው ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ብቻ ይዞራል። ሙቀቱ ሲደርስ ቴርሞስታቱ ይከፈታል። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ከጀርባው ያለችው ክብ ቆርቆሮ አብራ ትወርድና የባይፓሱን ቀዳዳ ትደፍናለች። አንዱ በር ሲከፈት ሌላው ይዘጋል ማለት ነው። ቴርሞስታቱ ከሌለ ቀዳዳውን የሚደፍነው የለም። የጋለው ውሃ አቋራጩ ስለተገኘለት ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ጠዋት የማትሞቀውም፣ ስትሮጥ የምትግለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስትገዛ ታዲያ «የጃጓር ነው» ስላሉህ ብቻ አትቀበል። ገልብጠህ እየው። ከታች ያቺ ክብ ቆርቆሮ ከሌለችው መልስላቸው። ቤት ስትደርስ በክር አንጠልጥለህ፣ የድስቱን ቂጥ ሳያስነካ፣ ውሃ ውስጥ ጣደው። ቴርሞሜትር ካለህ አብረህ ጨምር። እላዩ ላይ 82 የሚል ቁጥር ካለ፣ ወደ 82 ዲግሪ ገደማ መላወስ ይጀምራል። ቆርቆሮዋ ወደ ታች ስትገፋ በዓይንህ ታያታለህ። ሁለቱንም ሞክር፣ ሁለቱንም አዲስ አድርግ። ስትገጥም ደግሞ የምትወዛወዘዋ ትንሽ ፒን ወደ ላይ ትሁን፤ አየር የሚያመልጠው በእሷ በኩል ነው።

ሁለቱንም ያልኩህ በከንቱ አይደለም። ሞተሩ ሁለት ጎን አለው፣ ለእያንዳንዱ ጎን አንድ ቴርሞስታት። የዳሽቦርድህ መርፌ ግን የምታነበው የአንዱን ጎን ብቻ ነው። ሌላኛው ተዘግቶ ቢቀር መርፌዋ ምንም ሳትናገር ይፈላል። ስለዚህ ርካሽ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ግዛ። ሞተሩ ሲሞቅ ከሁለቱ ጎን የቴርሞስታት ቤት ወደ ራዲያተሩ የሚሄዱትን ቱቦዎች ለካ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ቀዝቃዛው ጎን ላይ በሩ አልተከፈተም፣ ወይም አየር ይዟል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ችግርህ ልመለስ። ስትቆም የምትሞቅ፣ ስትሮጥ የምትበርድ መኪና ውሃ ሳይሆን ነፋስ ነው የጎደላት። ያንተዋ ሁለት ቬንትሌተር አላት። ትልቁ በሞተሩ ጉልበት ይዞራል፤ መሐሉ ላይ ሲሞቅ የሚጨብጥ፣ ሲቀዘቅዝ የሚለቅ በዘይት የሚሠራ ክላች አለው። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ አጥፋው፣ ቁልፉን ኪስህ ክተት፣ ከዚያ በእጅህ አሽከርክረው። ከበድ ብሎ ከያዘህ ደህና ነው። እንደ መጫወቻ ከተሽከረከረ ሞቷል። ትንሹ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ውሃ ፖምፓው አጠገብ ካለው የሙቀት ስዊች ላይ ሁለቱን ሽቦ ነቅለህ እርስ በርስ አገናኛቸው። ቬንትሌተሩ ከተነሳ ጥፋቱ የስዊቹ ነው። ካልተነሳ ሪሌውን፣ ፊውዙን፣ በመጨረሻም ሞተሩን ራሱን ፈትሽ። ከ30 ዓመት በላይ የኖረ ሽቦ ስለሆነ እኔ ብዙ ጊዜ የማገኘው የዛገ ጫፍ ነው።

ከዚያ የራዲያተሩን የላይኛውን ማሰሪያ ፈትተህ ራዲያተሩንና የኤርኮንዲሽኑን ኮንደንሰር አላቅቀህ እያቸው። በመሐላቸው የሚገኘውን ነገር ብነግርህ አታምነኝም። ቅጠል፣ ላባ፣ የንብ ሬሳ፣ በዘይት የተለወሰ አቧራ። አንዴ የአውቶብስ ትኬት አውጥቻለሁ። ከፊት ለፊት ስታይ ንጹሕ ይመስላል፤ ነፋስ ግን አያሳልፍም። በዝግታ በሚፈስ ውሃ ከኋላ ወደ ፊት እጠበው። በሃይለኛ ማጠቢያ እንዳትሞክር፣ ክንፎቹን ያጣጥፋቸዋል። በዚያው ኢንፍራሬዱን ይዘህ ሞተሩ ሙቅ እያለ የራዲያተሩን ፊት ቃኘው። ከታች በኩል ቀዝቃዛ ሠፈር ካገኘህ ቱቦዎቹ በደለል ተደፍነዋል። ራዲያተር የሚለወጠው ወይም ውስጡ የሚታደሰው ያኔ ነው።

አሞላሉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እኔም ተሳስቻለሁ። እንግሊዝ መጥቼ የመጀመሪያዋን ቪ12 ስሠራ ያፈሰስኩትን ውሃ ሳልለካ አዲሱን ሞላሁ፣ እስከ አፉ ስለደረሰ ሞልቷል ብዬ መኪናዋን አስረከብኩ። በማግስቱ በመጎተቻ ተጭና መጣች። ከላይ የሞላ የመሰለኝ ውስጡ አየር ነበር። ሥርዓቱ በጠቅላላው ወደ 21 ሊትር ይይዛል። ያፈሰስከውን በባልዲ ለካ፣ ያንኑ ያህል መመለስህን አረጋግጥ። የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንሥተህ በመደገፊያ አስቀምጥ፤ አፍንጫዋ ወደ ላይ ይሁን። የውስጥ ማሞቂያውን ሙቅ ላይ አድርግ። በሞተሩ አናት ላይ ባለው መሙያ ቀስ ብለህ፣ ግማሽ በግማሽ አንቲፍሪዝ የተቀላቀለ ውሃ ጨምር። ራዲያተሩ ጫፍ ላይ ያለችውን የአየር ማውጫ ቡሎን ላላ አድርጋት። አረፋ መትፋቷን ትታ ጥርት ያለ ውሃ ስትሰጥህ እሰራት። ጥቂት አሠራት፣ ትብረድ፣ ጨምር። እንደገና። ክዳኖቿ ሁለት ናቸው፣ የሞተሩ አናትና የማጠራቀሚያው፤ አንድ ስላልሆኑ አታቀያይራቸው።

ይህን ሁሉ ሠርተህ አሁንም ከሞቀች ለሲሊንደሮቹ እሳት የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢውተር ክፈት። ያንተዋ ኤች ኢ (ሃይ ኤፊሸንሲ) ከሚባሉት ናት። እነዚህ እ.ኤ.አ. በ1981 ሲወጡ ነዳጅ እንዲቆጥቡ የስዊሱ መሐንዲስ ማይክል ሜይ የነደፈው ቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተር ክፍል) ተገጠመላቸው። የአውሮፓዎቹ እመቃ፣ ሲሊንደሩ አየርና ነዳጁን የሚጨምቅበት መጠን፣ 12.5 ለ1 ነው። እንዲህ በሚያምቅ ሞተር ላይ እሳቱ ዘግይቶ ሲመጣ ሙቀቱ ወደ ጭስ ማውጫውና ወደ ውሃው ይሄዳል። ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ የሚዞረውን ሮተር በጣትህ ጠምዘዝ አድርገህ ልቀቀው፤ በስፕሪንግ ተመልሶ መምጣት አለበት። ካልተመለሰ ውስጡ ያለው ግሪስ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። አጽዳው፣ ጠብታ ዘይት ስጠው።

እግረ መንገድህን በሁለቱ ጎን መሐል ያሉትን የነዳጅ ጎማ ቱቦዎች በጣትህ ጫን ጫን አድርጋቸው። ከደረቁ ወይም ከተሰነጠቁ ሌላውን ሥራ ትተህ እነሱን ቀይር። እዚያ ሸለቆ ውስጥ ያለው ሙቀት ይጠብሳቸዋል፤ በእሳት ያለቁ ኤክስጄ-ኤሶች አሉ።

እስከዚያው «ቤት እስክደርስ ብቻ» ብለህ እየጋለች አትንዳት። ብሎኩም ቴስታታውም አሉሚኒየም ነው። ከመጠን በላይ ስትግል የቫልቭ መቀመጫ ከቦታው ይወልቃል። ያኔ ቴስታታ መነሳት አለበት፤ ቴስታታው ደግሞ በረጃጅም የብረት ቡሎኖች ላይ ዝጎ ተጣብቆ ለቀናት እንቢ ሊል ይችላል። ጓደኛዬ አንዱን ለማንሳት ሳምንት ፈጅቶበታል። ሒሳቡ ሲመጣ ባለቤቱ መኪናዋን በዚያው ሸጣት።

ቴርሞስታቶቹን ገጥመህ፣ አየሩን አውጥተህ ስትጨርስ ግማሽ ሰዓት ቆማ ትሥራ። ከዚያ የሁለቱን ጎን ሙቀትና የራዲያተሩን የላይና የታች ቁጥር ጽፈህ ላክልኝ።