አንድ ግቢ፣ ሦስት መኪና፣ አንድ የኢንሹራንስ ውል፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)፦ ቪትዝ፣ ኢሱዙና ባጃጅ አለን። ሦስቱን በአንድ ውል ማስገባት ይቻላል? ይረክሳል ወይ?

መልስ፦ ይቻላል። ውሉ አንድ ቢሆንም ከውሉ ጋር በሚያያዘው ዝርዝር ላይ እያንዳንዱ መኪና የራሱ መስመር አለው፦ ታርጋ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ የተሠራበት ዓመት፣ ዋስትና የተገባበት ዋጋ፣ አረቦን (ለኢንሹራንሱ የሚከፈለው ዋጋ)፣ ኤክሰስ፣ አገልግሎት። ቪትዙ ኮድ 2 የግል፣ ኢሱዙው ኮድ 3 የንግድ፣ ባጃጁ ኮድ 1 የሕዝብ ማመላለሻ ስለሆነ አረቦናቸውም ለየብቻ ይሰላል። ጥቅሙ የእድሳት ቀኑ አንድ መሆኑና ለመደራደር አቅም መስጠቱ ነው።

ቅናሹ ከኩባንያ ኩባንያ ስለሚለያይ ከሁለት ሦስት ቦታ ዋጋ ያስወጡ። ሲያወዳድሩ ድምሩን ብቻ አይዩ፤ ኤክሰሱን፣ ማለትም ከካሳው ላይ በራስዎ የሚችሉትን፣ መስመር በመስመር ያስተያዩ። አረቦኑን 3,000 ብር የቀነሰልዎ ኩባንያ ኤክሰሱን በ10,000 ከፍ አድርጎት ሊሆን ይችላል። ሌላው መጠየቅ ያለበት፦ ኢሱዙው አደጋ ቢደርስበት ቪትዙ ያለ አደጋ በመቆየቱ ያገኘው ቅናሽ ይቀራል ወይ? መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።

ጥያቄ (ሸዋ ሮቢት)፦ አንዱ ሊብሬ በእኔ፣ አንዱ በባለቤቴ፣ አንዱ በወንድሜ ስም ነው።

መልስ፦ ኢንሹራንስ የሚገባው ንብረቱ ሲጎዳ ኪሳራው የሚደርስበት ሰው ነው። የባልና ሚስቱን የጋብቻ ማስረጃ ይዘው ይሂዱና የሁለታችሁም ስም እንደ መድን ገቢ ይጻፍ። የወንድምዎ መኪና በራሱ ስም ለብቻው ይግባ። በእርስዎ ስም ቢጨመር ችግሩ የሚወጣው ካሳ የሚጠየቅ ዕለት ነው፤ ያኔ ደግሞ ማስተካከያ የለም። በባንክ ብድር የተገዛ መኪና ካለ ባንኩ ተጠቃሚ ተብሎ የሚሰፍረው በዚያ መኪና መስመር ላይ ብቻ መሆኑን ያረጋግጡ።

ጥያቄ (ጫጫ)፦ ሙሉውን (የራሳችንን መኪና ጉዳት ጭምር የሚሸፍነውን) ከገባን ሦስተኛ ወገን (በሌላ ሰውና ንብረት ላይ ለምናደርሰው ጉዳት የሚሆነውን) መግባት ይቀራል?

መልስ፦ አይቀርም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት እያንዳንዱ ተሽከርካሪ የራሱ ሦስተኛ ወገንና የራሱ ስቲከር ይኖረዋል። አዋጁ ሲወጣ የተቀመጠው ጣሪያ ለሞትና ለአካል ጉዳት 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት 100,000 ብር ነበር። 100,000 ብር ዛሬ ደህና የሚባል መኪና ፊት ለፊቱን ለማሠራት እንኳ አይበቃም፤ ስለዚህ በሙሉው ውል ላይ የሦስተኛ ወገኑን መጠን ከፍ ያስደርጉ።

ጥያቄ (እነዋሪ)፦ የመኪናውን ዋጋ ዝቅ አድርገን ብናስገባ አረቦን አይቀንስም?

መልስ፦ ይቀንሳል፤ ካሳውም አብሮ ይቀንሳል። ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። ዛሬ 2,000,000 ብር የሚያወጣ መኪና በ1,200,000 ገብቷል እንበል፤ ያስገቡት የዋጋውን 60 በመቶ ነው። ተጋጭቶ ጥገናው 300,000 ብር ቢጠይቅ የሚከፈልዎ 180,000 ነው፤ ከዚያም ላይ ኤክሰሱ ይነሳል። «ጉዳቱ ከ1,200,000 በታች ነው፣ ሙሉውን ይክፈሉኝ» ማለት አያስኬድም። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ የመኪና ዋጋ ስለናረ የድሮውን ቁጥር እየገለበጡ ማደስ አደገኛ ነው። በየእድሳቱ ሦስቱንም አዲስ ያስገምቱ። ከገበያ በላይ ማስገባትም አይጠቅምም፤ የሚከፈለው ከእውነተኛው ዋጋ አይበልጥም።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)፦ ኢሱዙው ግቢ ውስጥ ወደ ኋላ ሲመለስ ቪትዙን ቢገጨውስ?

መልስ፦ ሦስተኛ ወገን አይከፍልም፤ የራስዎ ንብረት ሦስተኛ ወገን አይሆንም። ቪትዙ ሙሉ ሽፋን ካለው በራሱ መስመር ይጠገናል፣ የኢሱዙው ጉዳትም በኢሱዙው መስመር። ውሉ አንድ ስለሆነ ኤክሰሱም አንዴ ነው የሚነሳው ብለው እንዳያስቡ፤ ለእያንዳንዱ መኪና ለየብቻ ይነሳል።

ጥያቄ (ደብረ ሲና)፦ ኢሱዙው የጣርማ በርን ዳገት ይወጣል ይወርዳል። ምን እናስጨምር?

መልስ፦ መጀመሪያ የማንሻና የመጎተቻው መጠን። ከቁልቁለቱ ገደል የገባ ኢሱዙ በክሬን ወጥቶ እስከ ጋራዥ ሲጎተት ወጪው ውሉ ላይ ከሚሰፍረው መደበኛ መጠን በቀላሉ ያልፋል፤ ትንሽ ጨምረው ያሳድጉት። ሁለተኛ፣ ቢ.ኤስ.ጂ. የሚባለው፣ በሽፍታና በታጣቂ ለሚደርስ ጉዳት የሚሆነው ተጨማሪ ሽፋን። መደበኛው ውል ይህን አይሸፍንምና በዚህ መስመር ለሚሠራ መኪና እሱን መተው አይገባም። የፖለቲካ ሁከት ሌላ ሽፋን ነው፤ ለየብቻ ይጠይቁ።

ፍሬን ግሎ እምቢ ቢል የፍሬኑ ዕቃ አይከፈልም፣ በግጭቱ የደረሰው ጉዳት ግን ይታያል። ጭነቱ ሊብሬው ላይ ካለው በላይ ከሆነ፣ በጭነቱ ላይ ሰው ከተጫነ ወይም ሹፌሩ ለዚያ መኪና የሚሆን መንጃ ፈቃድ ከሌለው ግን ጥያቄው ውድቅ ሊደረግ ይችላል። በታኅሣሥ ውርጭ የራዲያተር ውኃ ረግቶ ሞተር ቢሰነጠቅም ከአደጋ አይቆጠርም።

ጥያቄ (መሐል ሜዳ)፦ በዓመቱ መካከል ብንሸጥ ወይም ብንጨምርስ?

መልስ፦ የተጨመረው መኪና እስከ ውሉ ማብቂያ ላለው ቀን ብቻ ይከፍላል። የዓመቱ አረቦን 18,000 ቢሆንና 150 ቀን ቢቀር 7,400 ብር ገደማ ነው። ክፍያው ሳይገባ ሽፋኑ አይጀምርም፤ «ነገ እከፍላለሁ» ብለው መንገድ አይውጡ። ሲሸጡ ውልና ማስረጃ እንደጨረሱ ለኩባንያው በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ሽፋኑ ለገዢው በራሱ አይተላለፍም። ሽፋኑ ሲቋረጥ የሚመለስልዎ አረቦን ከቀሪው ቀን ስሌት ያንሳልና ሌላ መኪና ልትገዙ ካሰባችሁ በቦታው መተካት ይሻላል።

ጥያቄ (አንኮበር)፦ አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ ምን ይደረግ?

መልስ፦ ሰው ከተጎዳ ሕክምና ይቅደም። ከዚያ ትራፊክ ፖሊስ ይጠሩ፣ መኪኖቹ ሳይነሱ ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ ያንሱ። ጥፋተኛ ነኝ ብለው አይፈርሙ፣ ለማንም አይክፈሉ። ለኩባንያው በዚያው ዕለት ይደውሉ፤ የንግድ ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ ከ5 ቀን አያልፍም። የኩባንያው መርማሪ ሳያየው ጋራዥ ምንም እንዳይፈታ፣ የተቀየረውም ዕቃ እንዳይጣል። መኪናውን ጠባቂ ሳያቆሙለት ጥለውት አይሂዱ፤ ከአደጋው በኋላ የተፈታ ጎማና ባትሪ አይካስም።