የደም ላብራቶሪ ልማድ ሂስቶሎጂ ክፍል ውስጥ፦ ለተግባር ፈተና ለምትዘጋጅ እህት

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከኮምቦልቻ ነው። በሜዲካል ላብራቶሪ ተመርቄ፣ ደሴ ለሚገኝ የፓቶሎጂ ክፍል የጽሑፍ ፈተና አልፌያለሁ፤ ሥራው ሂስቶሎጂ፣ ማለትም የሕብረ ሕዋስ ናሙና ለምርመራ ማዘጋጀት ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ የተግባር ፈተና አለብኝ። እስካሁን የሠራሁት ደም፣ ሽንትና ሰገራ ነው፤ ሕብረ ሕዋስን በቀጭኑ የሚቆርጠውን ማይክሮቶም ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። እናቴ ደግሞ «ፎርማሊን ካንሰር ያመጣል» እያለች እንድተወው ትለምነኛለች። ልግባበት ወይስ ልተወው?

ምላሽ፦ አብሽሪ እህታችን፣ ግቢበት። የእናትሽን ስጋት ግን አታጣጥዪው፤ እውነት አላቸው። ናሙና እንዳይበላሽ የሚነከርበት ፎርማሊን ውስጥ ያለውን ፎርማልዲሃይድ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2004 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል። አደጋው የሚጨምረው ትነቱን ደጋግሞ፣ ለዓመታት በመሳብ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ በስምንት ሰዓት ሥራ ውስጥ በአማካይ ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር 0.75 እጅ እንዳያልፍ ይከለክላል፤ ይህም ምን ያህል ትንሽ መጠን እንደሚያሳስብ ያሳይሻል። እናትሽን «ምንም የለውም» ብለሽ አታባብያቸው። ክፍሉ ትነቱን ወደ ውጭ የሚስብ፣ የሚሠራ ፊውም ሁድ እንዳለው በዓይንሽ አይተሽ ንገሪያቸው።

እኛን ይበልጥ ያሳሰበን ሌላ ነው። ደምና ሰገራ ላይ ስትሠሪ የምትጠነቀቂው ከጀርም ነበር። ፎርማሊን ውስጥ የቆየ ናሙና ላይ ግን ዋናው ጥንቃቄ ከትነት፣ ከእሳትና ከስለት ነው። እጅሽ የለመደው አንዳንድ ነገር እዚህ ይጎዳሻል።

በረኪናን እንውሰድ። ደም ሲፈስ በረኪና መድፋት ትክክል ነው። ፎርማሊን ሲፈስ ግን በረኪና እንዳታስነኪው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ይሞቃሉ፣ መርዛማ ጋዝም ሊወጣ ይችላል። የፈሰሰው ጥቂት ከሆነ ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርገሽ፣ መስኮት ከፍተሽ፣ ፈሳሽ በሚመጥ ነገር ሰብስቢውና ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ዝጊበት፤ ከዚያ ቦታውን በውኃ እጠቢ። ትልቅ ጠርሙስ ከተሰበረ ግን ሰውን አስወጪ፣ በሩን ዝጊ፣ ለኃላፊ ንገሪ። ዓይን ውስጥ ከገባ 15 ደቂቃ ሙሉ በሚፈስ ውኃ ማጠብ ነው፤ ሲቀልሽ አታቋርጪ።

ማስክም እንዲሁ ነው። የቀዶ ሕክምና ማስክም ሆነ ኤን 95 ትነትን አያስቀርም። አፍንጫሽንም አትመኚው፤ ፎርማሊንን ቶሎ ይለምደዋል፣ ሽታው ጠፋ ማለት ትነቱ ጠፋ ማለት አይደለም። ጓንት ላይ ደግሞ ላቴክሱን ተዪው። ለፎርማሊን ናይትራይል ይበጃል። ዛይሊን (ሕብረ ሕዋሱ ሰም ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሚያልፍበት ፈሳሽ) ግን ቀጭኑን ናይትራይልም በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል፤ ስለዚህ ከተረጨበት ወዲያው አውልቀሽ እጅሽን ታጥበሽ ሌላ አድርጊ።

ፈታኞች የሚወዱት አንድ ጥያቄ አለ፦ አንድ ሊትር 10 ከመቶ ፎርማሊን አዘጋጂ። ብዙ ተማሪ ጠርሙሱ ላይ 40 ከመቶ የሚለውን አይቶ 250 ሚሊ ሊትር በ750 ውኃ ይበጠብጣል። ስህተት ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ከ37 እስከ 40 ከመቶ የፎርማልዲሃይድ ፈሳሽ ራሱ እንደ 100 ከመቶ ፎርማሊን ይቆጠራል። የሚያስፈልግሽ 100 ሚሊ ሊትር ከእሱ፣ 900 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ፣ 4 ግራም ሞኖቤዚክ ሶዲየም ፎስፌትና 6.5 ግራም ውኃ አልባ ዳይቤዚክ ሶዲየም ፎስፌት ነው። ፎስፌቱ የሚጨመረው አሲድነትን ለመከላከል ነው፤ ያለ እሱ ፎርማሊኑ ውሎ ሲያድር አሲድ ይሆንና ደም ያለበት ሕብረ ሕዋስ ላይ ቡናማ ጥቁር ነጠብጣብ ይጥላል። ናሙናው ቢያንስ አሥር እጥፍ በሚሆን ፎርማሊን ውስጥ መቀመጥ አለበት። የደሴ ብርድ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፦ ያልተበረዘው ፎርማሊን ሲቀዘቅዝ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል። ዝቃጭ ያየሽበትን ጠርሙስ ለመበጥበጥ አትጠቀሚ፤ ከላይ የቀረው ፈሳሽ መጠኑ ቀንሷል፣ ናሙናውም በደንብ አይጠበቅም።

ብርድ ፎርማሊንን እንደሚያበላሽ፣ ሙቀት ዛይሊንን አደገኛ ያደርገዋል። የዛይሊን ትነት በብልጭታ የሚቀጣጠልበት ሙቀት 27 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ኮምቦልቻ ከሰዓት በኋላ የምታውቂው ሙቀት ማለት ነው። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሄዳል። በአጠገቡ ባለ ክፍል ቡና ለማፍላት የተሰካ ምድጃ ሊያቀጣጥለው ይችላል። የፓራፊን (የሰም) ማቅለጫውም 60 ዲግሪ አካባቢ ስለሚሠራ የዛይሊን ዕቃ ከጎኑ አይቀመጥም። ያገለገለ ዛይሊን ወደ ሲንክ አይደፋም፤ ለብቻው፣ ስሙ ተጽፎበት ይጠራቀማል። መብራት ሲጠፋ ፊውም ሁዱም ይቆማል፤ ያኔ ክዳኑን ሁሉ ዘግተሽ ሥራውን አቁሚ።

አሁን ወደ ማይክሮቶም። ከሁሉ በላይ የምትታዪበት እዚህ ነው፤ ፈታኙ ስላይድሽን ከማየቱ በፊት የእጅሽን ቅደም ተከተል ያያል። መጀመሪያ መሽከርከሪያውን (ዊሉን) ቆልፊ፣ ሕብረ ሕዋሱ የተቀበረበትን የሰም ብሎክ እሰሪ፣ ምላጩን የምታስገቢው በመጨረሻ ነው። ስትጨርሺ ተቃራኒው ነው፦ ቆልፊ፣ ምላጩን አውጪ፣ ከዚያ ብሎኩን ፍቺ። ብዙ ጣት የሚቆረጠው ምላጩ ሳይሸፈን፣ ዊሉ ሳይቆለፍ ብሎክ ሲቀየር ነው፤ ያልተቆለፈ የብሎክ መያዣ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ፍርፋሪውን በጣት አትንኪ፤ በብሩሽ ከምላጩ ጀርባ ወደ ስለቱ አቅጣጫ ጥረጊ እንጂ በስለቱ ላይ ወደ ጎን አትሂጂ። ምላጭ ከወደቀ ለመያዝ አትሞክሪ። ወለል ላይ የሚረግፈው ሰምም ያንሸራትታል፤ ሳይጠራቀም ጥረጊው።

የሚቆረጠው ውፍረት ከ3 እስከ 5 ማይክሮን ነው። አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ከወጣ፣ ምላጩ ወይም ብሎኩ ላልቷል፤ ዊሉን በጉልበት ከማዞርሽ በፊት ቆልፈሽ አጥብቂ። ከተጨማደደ ብሎኩ ሞቋል ወይም ምላጩ ደንዝዟል፤ ብሎኩን በረዶ ላይ አቀዝቅዢ፣ ካልተሻለ ምላጩን ቀይሪ። ሰሙ በ56 ዲግሪ የሚቀልጥ ከሆነ የተቆረጠው ቀጭን ሴክሽን የሚንሳፈፍበት የሞቀ ውኃ (ዋተር ባዝ) ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ይሁን፤ ካለፈ ሴክሽኑ ይበታተናል።

በቀረሽ ሁለት ሳምንት የተማርሽበትን ክፍል ጠይቀሽ ሕብረ ሕዋስ የሌለው የሰም ብሎክ ላይ ተለማመጂ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያለ ምላጭ፣ መቆለፍና መፍታት ብቻ ደጋግሚ።

ካለፍሽ ደግሞ ውል ከመፈረምሽ በፊት ክፍሉን እንዲያስጎበኙሽ ጠይቂ። ፊውም ሁዱን አስከፍተሽ፣ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ አፉ ላይ ይዘሽ ወደ ውስጥ መሳቡን እዪ። የዓይን ማጠቢያው ውኃ እንዳለው በእጅሽ ክፈቺ። ያገለገለ ዛይሊን የት እንደሚሄድ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ፊውም ሁዱን እንደሚያስነሳ ጠይቂ። የማይሠራ ፊውም ሁድ ካሳዩሽ፣ መቼ እንደሚጠገን በጽሑፍ እስኪሰጡሽ ድረስ አትፈርሚ።