ማንም ሳይጠይቀኝ

ባለፈው ሰሞን የጎረቤቴ ልጅ ቤት መጣች። አካውንቲንግ ተመርቃ ሥራ ፍለጋ ላይ ናት። «ጋሼ፣ ኢንተርቪው ተጠርቻለሁ። ማተቤን በሻርፕ ልሸፍነው ይሆን?» አለችኝ። የጠሩሽ ሰዎች እንዲህ አድርጊ ብለውሻል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «ኧረ ማንም ምንም አላለኝም። ለጥንቃቄ ብዬ ነው» አለች።

ያን ማታ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞር አለ። እኔም በእሷ ዕድሜ ለጥንቃቄ ብዬ ያደረግኩት ነገር አለ። ለእሷ አጭሩን መልስ ሰጥቼ ሸኘኋት። ረጅሙን ለእናንተ ልጻፈው። የጡረታ ሰው ነኝና ቢረዝምባችሁ ታገሡኝ።

የመንገድ ቀያሽ ነበርኩ። ከደጀን ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫና በቡሬ አድርጎ ባሕር ዳር ከሚገባው ዋና መንገድ ወደ ገጠር የሚገነጠሉ መንገዶች አሉ። ዕድሜዬን የፈጀሁት እነሱ ላይ ነው። ሥራ የያዝኩት በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በደርግ ዘመን ነው።

ዘመኑን ላልደረሳችሁበት ጥቂት ልበል። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ የዚሁ የጎጃም አገር፣ የደብረ ኤልያስ ልጅ ናቸው። በ1968 ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ በ1971 ተገደሉ። አጽማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። እሑድ ጠዋት፣ ልክ በቅዳሴ ሰዓት፣ የቀበሌ ስብሰባ ይጠራል። ሲሳለም የታየ የመንግሥት ሠራተኛ «አድኃሪ» የምትል ቅጽል ልትለጠፍበት ትችላለች። ስለዚህ ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አልነበረም።

ይሁን እንጂ እኔ በነበርኩበት ቡድን ማተብህን በጥስ ያለኝ ሰው የለም። አብሮን የሚወጣ አንድ ካድሬ ነበር። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ማታ ማታ በፋኖስ ዙሪያ ሰብስቦ ያወያየናል። አንድ ምሽት «ኋላ ቀር ልማዶች» እያለ ሲናገር ዓይኑን ወደ እኔ የጣለ መሰለኝ። መሰለኝ ነው የምላችሁ። ድንኳኔ ገብቼ ምላጭ አወጣሁ።

ክሩ እናቴ ራሷ ፈትላ ያከረረችው ጥቁር ክር ነው። ላብና አቧራ ጠጥቶ እንደ ጅማት ጠንክሯል። ምላጩ ቶሎ አልበጥስልህ አለኝ። መስተዋት ስለሌለኝ በጣቴ እየዳበስኩ፣ አንገቴን እንዳልቆርጠው እየፈራሁ፣ ግራ ጎኑን ስገዘግዝ ቆየሁ። ሲበጠስ ክብሪት ቀፎ ውስጥ ጠቅልዬ ሻንጣዬ ጥግ ወተፍኩት። በማግሥቱ ፊቴን ስታጠብ ስታፍ ያዣችን፣ ለከፍታ ልኬት የሚያዘውን ባለቁጥር ረጅም እንጨት የሚይዘው ሰው፣ አንገቴን ትኩር ብሎ አየኝ። ለካ ቀን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው አንገቴ ጠቁሮ፣ ክሩ የነበረበት ቦታ ብቻ ነጣ ብሎ ቀርቷል። ማተቤን ልደብቅ ብዬ መበጠሴን አሳወጅኩ። ከዚያ በኋላ በዚያ ሙቀት ሸሚዜን እስከ አንገቴ ቆልፌ ስሠራ ከረምኩ። ሰው ሲያየኝ የታመምኩ ይመስለው ነበር።

ለፋሲካ ቢቸና አጠገብ ወዳለው ቤታችን ሄድኩ። ማታ እናቴ እግሬን ልታጥብ ጎንበስ ስትል ኮሌታዬ ተከፍቶ ነበር። ቀና ብላ አየችኝና «ልጄ፣ ጠፍቶብህ ነው ወይስ ወስደውብህ?» አለች። ሦስተኛ ነገር ሊኖር እንደሚችል አልጠረጠረችም። «ጠፍቶብኝ ነው» አልኳት። «እሰይ፣ እንኳን ጠፋ፣ ወስደውብህ ቢሆን ነበር የሚከፋው» ብላ እንዝርቷን አነሣች። ሌሊቱን ፈትላ አክርራ ጠዋት አሰረችልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ የጠበቀ ቋጠሮ አላየሁም። አውቶቡስ ላይ ሆኜ ስፈታው ጥርሴን መጠቀም ነበረብኝ።

እናቴ ነፍሷን ይማርና ጠፍቶበት ነው ብላ እንዳመነች ሞተች።

ማተቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልቀባጠርኩ። መዘዙ ሌላ ነው። አንዱን ለጥንቃቄ ብዬ ስተው ሌላው እየቀለለኝ መጣ። ረቡዕና ዓርብ ካምፕ ውስጥ ለብቻዬ ሽሮ መጠየቅ አሳፈረኝና ከተገኘው መብላት ጀመርኩ። የአባቴን ትንሽ ዳዊት ከነማኅደሩ ይዤ እዞር ነበር፤ ሻንጣ ያከብዳል ብዬ ቤት ተውኩት። እግዚአብሔርን የካድሁበት ቀን የለም። እንዲያው ከመጀመሪያው ረድፍ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ጓሮ እያስቀመጥኩት ሄድኩ። ሌላው ሁሉ ከቀደመ በኋላ ጊዜ ከተረፈ፣ ድካም ካልያዘኝ፣ ሰው ካላየኝ።

ስታፍ ያዣችን ግን ጸሎቱን አልተወም። ሽማግሌ ነው። ሥራ የምንጀምረው ጠዋት በ12 ሰዓት ነበር፤ ፀሐይ ሲበረታ አየሩ ይንቀጠቀጥና የስታፉ ቁጥር ይዋልላል። የዚያን ጊዜው ሌቭል፣ ከፍታ የምንለካበት ባለመነጽር መሣሪያ፣ ደግሞ ሰውን ገልብጦ ነው የሚያሳየው። መነጽሩ ውስጥ ሽማግሌው እግሩ ሰማይ፣ ራሱ ምድር ሆኖ ይታየኛል። ቁጥሩን ላንብብ ስል ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። መጀመሪያ የሚጠራኝ መስሎኝ «ምን አልክ?» ብዬ ጮኽኩ። «አንብብ፣ አንተ አንብብ!» አለኝ። በኋላ ጠይቄው የዕለቱን ውዳሴ ማርያም በቃሉ እየደገመ እንደሆነ ነገረኝ። የሰኞውን ሰኞ፣ የማክሰኞውን ማክሰኞ። ስታፉን አንዲት ጣት እንኳ ሳያዘም ነበር የሚደግመው። ካድሬው አጠገቡ ይቆማል፤ ምንም አላወቀበትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ደብረ ኤልያስ በኩል ስንሠራ የቆሎ ተማሪዎች ይመጡብን ነበር። ጎጃም መቼም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራ፣ ዲማ፣ ጎንጅ ሲባል ሰምታችኋል። አንዱ ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲመጣ መነጽሩን አሳየሁት። የመምህሩ ጎጆ ተገልብጦ ሲታየው በሳቅ ፈረሰ። ወዲያው ቅኔ ልቋጥርበት አለና ቤት አልደፋ አለው። ጓደኞቹ ሲያላግጡበት ቆይተው ቁራሽ ተቀብለው ሄዱ። በረሃብ አንጀታቸው ታጥፎ ሌሊት ተነሥተው ሲቀጽሉ ድምፃቸው እስከ ድንኳናችን ይሰማል። እኔ ደመወዝተኛው ብርድ ልብሴን ወደ ራሴ እስብ ነበር።

ወደ ካድሬው ልመለስ። ደምበጫ አካባቢ ተምጫ ወንዝ ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፣ ገላችንን ልንታጠብ ወረድን። ካድሬው ሸሚዙን አወለቀ። አንገቱ ባዶ ነው። ሱሪውን ሲያወልቅ ግን ወገቡ ላይ፣ ከቀበቶው ሥር፣ ጥቁር ክር ታስሯል። ክሩ ላይ ጥፍር የምታህል የእንጨት መስቀል አለች። ደርቄ ቀረሁ። እሱም አየኝ፣ ከዚያ አንገቴን አየ።

«ያንተስ?» አለኝ።

«በጥሼዋለሁ።»

«ማን በጥስ አለህ?»

የምመልሰው አጣሁ። ራሱን ነቀነቀና ውኃው ውስጥ ገባ። ስለዚህ ነገር ከዚያ ወዲያ አላነሣብኝም፤ እኔም ትንፍሽ አላልኩም። ሰውየውን ቅዱስ እያደረግኩት እንዳይመስላችሁ። ሲያደርግ ያየሁት መልካም ያልሆነ ነገርም አለ። ግን የፈራሁት ሰው ራሱ የሚፈራውን ሸሽጎ ይዞት ሲዞር፣ እኔ ፈርቼው የእኔን ጥዬዋለሁ።

መልሼ ያሰርኩት ደርግ ወድቆ ሁሉም ሲያስር ነው። ያኔ ማሰር ምን ጀግንነት አለው? ደግሞ ክር ማሰር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ጠዋት ተነሥቶ ዳዊት መድገምን ግን እንደገና እስክለምደው ዓመታት ፈጅቶብኛል። አንዳንድ ቀን ዛሬም እሰንፋለሁ።

እንግዲህ ምክር ከተባለ፣ ጹሙ፣ ጸልዩ፣ ቁረቡ እያልኩ አላደክማችሁም። እሱን ከእኔ አሳምሮ የሚነግራችሁ የነፍስ አባት አላችሁ። ከሌላችሁ ያዙ። እኔ የምለው ስለ ጠዋት ነው። ሌቭል ስትተክሉ መጀመሪያ ውሃ ልኩን ታስተካክላላችሁ። አረፋዋ መሐል ሳትገባ ያነበባችሁት ቁጥር ሁሉ ብላሽ ነው፤ ማታ ቢሮ ገብታችሁ በሒሳብ አታርሙትም። ለእኔ የጠዋት ጸሎት እንዲህ ነው። አባቶቻችን በቀን ሰባት ጊዜ ጸሎት ሠርተዋል፤ ከነግህ ጀምሮ እስከ መንፈቀ ሌሊት። ሰባቱን ማድረስ ላቃተው ሠራተኛ ቢያንስ ነግህን አትንኩበት። አንዲት መዝሙር ብትሆንም ስልክ ከመከፈቱ በፊት ትሁን።

ስልክን ካነሣሁ አይቀር፣ የእናንተ ነገር አንዳንዴ ግራ ይገባኛል። ጥምቀት ላይ ነጭ ለብሳችሁ ፎቶ ስትነሡ ታቦቱ ያልፋችኋል። ጸሎት ማድረሳችሁን እንኳ ስቶሪ ላይ ነው የምሰማው። መዝሙር ጆሯችሁ ላይ ሰክታችሁ ታክሲ ውስጥ ለአሮጊት ወንበር አትለቁም። ይህን ስል ደግሞ፣ ያው ጥምቀት ላይ ምንጣፍ እየተሸከሙ፣ እያነጠፉ፣ እየጠቀለሉ ላብ በላብ የሚሆኑት እናንተው ናችሁ። እኛ በእናንተ ዕድሜ ያን አላደረግንም፤ ከሩቅ ቆመን ነበር የምናየው። ስለዚህ ብዙ መናገር አልችልም።

ስታፍ ያዣችን ጸሎቱን ደብቆ ነበር የሚጸልይ፤ እኔ ደግሞ ማተባችሁን አትደብቁ እላለሁ። የተምታታ ይመስላል፤ ቢመስልም ሁለቱንም እላለሁ። ለጎረቤቴ ልጅ የሰጠኋት አጭር መልስም ይኸው ነው፦ ከበረደሽ ሻርፕ ልበሺ፤ ማንም ሳይጠይቅሽ ግን አንገትሽን አትሸፍኚ። መጠየቅ ከመጣ ያን ጊዜ ይታሰብበታል፤ ሥራም እዚያ ብቻ አይደለም። ይህን ለማለት ለእኔ ይቀለኛል፣ ጡረታዬ ይከፈለኛል። የቤት ኪራይ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ፤ አውቃለሁ።

ሌላው የሚያናድደኝ፣ እግዚአብሔርን አስቀደምኩ እያለ ባለጉዳይ የሚያቆም ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ሥዕለ አድኅኖ አቁሞ፣ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣ ገበሬን «ነገ ተመለስ» ይላል። የገበሬው «ነገ» አንድ ቀን መንገድ መሆኑን አያስብም። አስቀድማችሁ መንግሥቱንና ጽድቁን ፈልጉ ነው የተባለው። ጽድቁን የሚለውን ብዙዎቻችን እንዘለዋለን። የእኛ ሽማግሌ ሲጸልይ ስታፉን ቢያዘም ኖሮ እኔም እቆጣው ነበር፤ መንገዱም ይበላሽ ነበር።

እሑድ ተረኛ የምትሆኑ ነርሶች፣ ጥበቃዎች፣ ሹፌሮች ቅዳሴ አመለጠኝ እያላችሁ ስትጨነቁ እሰማለሁ። ለዚህ ከባልደረባ ጋር መነጋገር ይበጃል። የእኛ የካምፕ ሹፌር ሙስሊም ነበር። ዓርብ ቀትር እሱ መስጊድ ሲሄድ መኪናውን አንድ ሌላ ሰው ይይዝለታል። ስታፍ ያዣችን ለማርያም በዓል ማስቀደስ ሲፈልግ ደግሞ ሹፌሩ ስታፉን ይዞ ይቆምለታል። መጀመሪያ ሰሞን ስታፉን ወደ ግራ ያዘምብኝ ነበርና እጄን እያወዛወዝኩ «ወደ ቀኝ! ወደ ቀኝ!» እላለሁ። ኋላ ኋላ ከሽማግሌው እኩል አቀናው። ካድሬው ይህን ሁሉ ያያል፤ አንድም ቀን ለምን ብሎ አልጠየቀም።