የቻይናው ኮንትራት መጥቷል፤ ሻንጣውን ላስር ወይስ ልቆይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ጅማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነኝ። ቻንግሻ በምትባል የቻይና ከተማ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ለአንድ ዓመት ሒሳብ በእንግሊዝኛ እንዳስተምር ኮንትራት ልኮልኛል። ያገናኘኝ ኤጀንት «ጊዜ የለም፣ በቢዝነስ ቪዛ ግባ፤ እዚያ ስትደርስ ወደ ሥራ ቪዛ እናዞርልሃለን» ይለኛል። አባቴ ሥራህን እንዳትለቅ ይላል። እናቴ ደግሞ ከአሁኑ ቅቤ እያነጠረች ነው። ምን ልያዝ፣ ምንስ ልተው?
መምህሩ፣ ከጅማ

መልስ፦ እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። ቅቤው ትንሽ ይቆይ፣ ከቪዛው እንጀምር።

ኤጀንትህን በዚህ ጉዳይ እንዳትሰማው። ቻይና ውስጥ የሚሠራ ሰው የሚገባው ዜድ በሚባለው ቪዛ ነው። የቢዝነሱ ኤም ይባላል፤ ለንግድ ጉዳይ ደርሶ ለሚመለስ እንጂ ክፍል ገብቶ ለሚያስተምር አይደለም። ያለ ፈቃድ ሲሠራ የተገኘ የውጭ ዜጋ ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ይቀጣል። ነገሩ ከከበደ ከ5 እስከ 15 ቀን መታሰርም አለ። ከአገር ማስወጣትም ሊከተል ይችላል። ያን ቀን ኤጀንትህ ስልክ አያነሳም።

ደንበኛው መንገድ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ እዚያው ቻይና በስምህ የሥራ ፈቃድ ማሳወቂያ ደብዳቤ ያስወጣል። እሱን ይዘህ አዲስ አበባ ባለው የቻይና ኤምባሲ በኩል ዜድ ቪዛ ትጠይቃለህ። ዜዱ በር መክፈቻ ብቻ ነው። ከገባህ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ለመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት አለብህ። ከዚያም በፊት፣ በደረስክ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ባረፍክበት አካባቢ ፖሊስ ጣቢያ ትመዘገባለህ። ሆቴል ካደርክ ሆቴሉ ራሱ ይመዘግብሃል። የትምህርት ቤቱ አፓርታማ ከሆነ ግን አንድ ሰው ይዘህ ሂድ፣ ነገ ዛሬ አትበል።

ስለዚህ ኤጀንቱን አንድ ነገር ብቻ ጠይቀው፦ «ደብዳቤው መቼ ይደርሰኛል?» ከተንተባተበ መልሱን አገኘህ ማለት ነው። አባትህም ልክ ናቸው። ደብዳቤው እጅህ ሳይገባ የሥራ መልቀቂያ እንዳታስገባ። ያለ ደመወዝ ፈቃድ ማግኘት ትችል እንደሆነ ግን ከአሁኑ በጽሑፍ ጠይቅ፤ ርዕሰ መምህሩ በቃል «ችግር የለውም» ያለው ነገር ስትመለስ ላይታወስ ይችላል።

ወረቀቱ ላይ ላቆይህ ነው፣ ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ስለሆነ። ዲግሪህ፣ የሥራ ልምድህና ከወንጀል ነጻ መሆንህን የሚያሳየው የፖሊስ ማስረጃ ይፈለጋሉ። ዲግሪው ትክክለኛነቱ ከተረጋገጠ በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማህተም፣ ከዚያ የኤምባሲው ይመጣል። ይህ ጅማ ተቀምጠህ አያልቅም፤ ለአዲስ አበባ ምልልስ ወገብህን ታጠቅ። ከመሄድህ በፊት ግን ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርጋቸው። ስምህ ፓስፖርቱ ላይ በላቲን ፊደል እንዴት ተጻፈ? ዲግሪው ላይስ? አንዱ ላይ አንድ ፊደል ተደርቦ፣ ሌላው ላይ የአያት ስም ቀርቶ ይገኛል። እኛ አይተን እናልፈዋለን፤ እዚያ ያለው ሠራተኛ ግን ሁለት ሰው ናቸው ይላል።

ሁለተኛው ዘመን አቆጣጠሩ ነው። የሥራ ልምድህ «ከ2010 እስከ 2016 አስተምሯል» የሚል ከሆነ ያው የእኛ አቆጣጠር ነው። ቻይናዊው ግን በፈረንጅ ያነበዋል። ያኔ አንተ ገና ተማሪ ነበርክ! የዲግሪህ ቀን ደግሞ በፈረንጅ ከተጻፈ፣ ከመመረቅህ ዓመታት ቀድመህ አስተማሪ ሆነህ ትገኛለህ። ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ማህተሙ ሳይደበዝዝ አስጽፍ። በነገራችን ላይ ፓስፖርቱ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ ላይ የያዘው የአያትህን ስም ስለሆነ፣ እዚያ የሚጠሩህ በአያትህ ነው። ስም ሲጠራ «አቤት» ማለት እንዳትረሳ።

ኮንትራቱን ስታነብ ደመወዙ ከግብር በፊት ይሁን በኋላ ለይ። የሚከፈልህ 12 ወር ነው 10 ወር? የአውሮፕላን ትኬቱን ማን ይችላል? ቤቱስ? የቻይንኛው ቅጂ ከእንግሊዝኛው ጋር አንድ መሆኑን ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አሳይ፤ ክርክር ሲነሳ የሚታየው የቻይንኛው ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ እናትህ ጓዳ። ቅቤና ቋንጣ አይገቡም። ቻይና መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዲገባ አትፈቅድም፤ ጉምሩኩ ካገኘው ይወስደዋል። እናትህ ያነጠሩት ቅቤ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ሲወድቅ ከማየት እዚሁ ቢበላ ይሻላል። በርበሬ፣ ሽሮና ሚጥሚጣ በደንብ ታሽገው ይሂዱ። ቡናውን ግን ጥሬውን አትውሰድ፤ ዘርና ፍሬ ጥያቄ ያስነሳል። አስቆላ፣ አስፈጭና በላስቲክ አሽገህ ያዝ።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ልንገርህ፣ የጅማ ልጅ ስለሆንክ። ጫት እንዳትይዝ። ቅጠሉንም፣ የደረቀውንም፣ «ሻይ ነው» ተብሎ የተጠቀለለውንም። እኛ ዘንድ በየመንገዱ የሚሸጥ ነገር ነው፤ ቻይና ግን ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአደገኛ ዕፆች ጋር መድባዋለች፣ የዚያ አገር የዕፅ ሕግ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ጎረቤት «ለልጄ አድርስልኝ» ብሎ የታሰረ እቃ ሲሰጥህ ፊቱ ላይ ፈተህ አይተህ ተቀበል። ካልፈቀደ ይቅርብህ። ይሉኝታ እስር ቤት ድረስ አብሮህ አይመጣም።

ልብስ? ቻንግሻ ከያንግዜ ወንዝ በስተደቡብ ናት። በሰሜን ያሉት ከተሞች በክረምት የማዕከል ማሞቂያ አላቸው፣ በደቡብ ግን የለም። ስለዚህ ብርዱ ቤት ውስጥም ይከተልሃል። እኔ እዚያው ቻይና ዉሃን ከተማ ሳስተምር ክፍል የምገባው ካፖርት እንደለበስኩ ነበር፤ ልጆቹም እንደዚያው ተጀቡነው ይማራሉ፣ ጠመኔ የያዘው እጄ ይደነዝዛል። ጋቢህን ያዝ። ወፍራሙን ጃኬት እዚያው ትገዛዋለህ።

ስለ ምግብ አትጨነቅ። ቻንግሻ ያለችበት የሁናን ክፍለ ሀገር ሕዝብ ቃሪያ የሚወድ ነው፣ አፍህ አይቸገርም። የአሳማ ሥጋ ለማንበላ ሰዎች፣ ሙስሊምም ሆንን ክርስቲያን፣ በየከተማው ላንዡ በምትባል የቻይና ከተማ ስም የሚጠራውን የበሬ ሥጋ ፓስታ የሚሸጡ የሙስሊም ቤቶች አሉ። በዓረብኛ የተጻፈውን ታፔላ አይተህ ግባ።

ዋናውን ዲግሪና የተረጋገጡትን ወረቀቶች በእጅ ቦርሳ ያዝ። ሻንጣ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ልጄ ለማስተማር ቻይና ሊሄድ ነው። ቴሌግራም እዚያ አይሠራም አሉኝ። በምን ላገኘው ነው?
እናት፣ ሂርማታ አካባቢ

መልስ፦ እናቴ፣ እውነት ነው፤ ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ፌስቡክና ዩቲዩብ እዚያ ተዘግተዋል። ሰዎቹ የሚጠቀሙት ዊቻት ነው። ልጅዎ ከመሄዱ በፊት በእርስዎም በእሱም ስልክ ላይ ይጫነው። ሲመዘገቡ አንዳንዴ ሌላ ተጠቃሚ እንዲያረጋግጥልዎ ይጠይቃል። ያ ሰው አጠገብዎ ሳለ መጨረስ ነው፣ በኋላ ከሩቅ ያስቸግራል። እሱ ካለ በኋላ ድምፅም ምስልም ይሄዳል፤ አንድ ሁለቴ እዚሁ ቤት ውስጥ፣ አንዳችሁ ጓዳ አንዳችሁ ሳሎን ሆናችሁ ተለማመዱ።

ሰዓቱ በ5 ይበልጠናል። እርስዎ ማታ 3 ሰዓት ላይ ሥራ ጨርሰው «ልጄን ልስማው» ሲሉ እሱ ጋ ከሌሊቱ 8 ነው፤ ተኝቷል። ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ባለው ይደውሉ። እሱ ጋ ከምሽቱ 12 እስከ 3 ስለሚሆን ከክፍል ወጥቶ ቤቱ ይገባል። ጠዋት ከ5 ሰዓት በፊት ከደወሉ ግን እያስተማረ ሊሆን ስለሚችል፣ ካላነሳ አይደንግጡ።